ሁለት ዓይነት ሪፈር

የዛሬው ጨዋታዬ ትንሽ የሚያሳፍረኝ ነው። ቢሆንም የእናንተም ቤት ሊገባ የሚችል ነገር ስለሆነ ልደብቀው አልፈለግሁም።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የጨረሰችው የልጅ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና፣ «እማማ፣ ዛሬ እኮ አምስት ሰው ሪፈር አደረግሁ!» አለችኝ። እኔ ደነገጥኩ። «ምን ሆኑ? አደጋ ነው?» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አትፍረዱብኝ። በጤና ጣቢያ 38 ዓመት ለሠራች ነርስ ሪፈር ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምጧ የጠናባትን እናት፣ ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን፣ ከእኛ አቅም በላይ ሲሆን ወረቀት ጽፈን ወደ ሆስፒታል የምንልክበት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ስሜንና ፊርማዬን ሳኖር «ይህን ሰው አይቼዋለሁ፣ የሚሻለው እዚያ ቢሄድ ነው» ማለቴ ነበር። ሆስፒታሉ ስለላክሁለት ሰው አንድ ሳንቲም አይከፍለኝም። ቢከፍለኝ ኖሮ፣ እናንተስ ሪፈሬን ታምኑት ነበር?

የልጅ ልጄ ሪፈር ሌላ ነው። የቴሌግራም ቻናል ከፍታ የሰው ዕቃ ታስተዋውቃለች። ነጋዴው የራሷ የሆነ ኮድ ይሰጣታል፤ ገዢው ሲያዝ ያንን ኮድ ከተናገረ ከሽያጩ በመቶ ይህን ያህል ብሎ ለእሷ ይከፍላታል። «አፊሊየት ይባላል እማማ» አለችኝ። «ድለላ ነዋ!» አልኳት። «እንደሱ በይው» ብላ አለፈችኝ።

ነገሩን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ልጆቻችን በስልካቸው ላይ ምን እንደሚሠሩ ሳንጠይቅ «ብቻ ሥራ አገኘች» ብለን እናልፋለን። ይህ አሠራር በውጭ አገር ከቆየ ሰንብቷል። አማዞን ገና በዋናነት መጻሕፍት በሚሸጥበት ዘመን፣ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ማንም ሰው በገጹ ላይ የአማዞንን ዕቃ ሊንክ ለጥፎ ገዢ ካመጣለት ኮሚሽን የሚከፍልበትን ፕሮግራም ጀመረ። ሊንኩ ውስጥ የላኪው መለያ አለ። ገዢው ሲጫነው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ኩኪ የሚሉት ትንሽ ምልክት ይቀመጣል፤ «ይህን ሰው እገሌ ነው የላከው» የሚል ማስታወሻ ማለት ነው። በአማዞን ዘንድ ይህ ማስታወሻ እንደ ደንቡ የሚሠራው ለ24 ሰዓት ነው። ዕቃው ከተመለሰ ኮሚሽኑም ይሰረዛል።

ለነጋዴው ደግ ነገር ነው። ለጋዜጣ ወይም ለሬዲዮ ማስታወቂያ ሲከፍል ዕቃው ተሸጠም አልተሸጠም ገንዘቡ ይወጣል፤ እዚህ ግን የሚከፍለው ሲሸጥ ብቻ ነው። ለተማሪም ቢሆን ሱቅ ሳይከፍቱ፣ ዕቃ ሳያከማቹ የኪስ ገንዘብ ማግኛ ነው። የልጅ ልጄም የሴት ጫማና የመጻሕፍት ቦርሳ አስተዋውቃ በመጀመሪያው ወር ባገኘችው ገንዘብ አንድ ኪሎ ቡና ገዝታ መጣች። መረቅኋት። ያ ቡና ሲቆላ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ጠጣ። ከተጠሩት አንዷ እኔ እትዬ የምላቸው የግቢያችን አዛውንት ነበሩ።

እትዬ ስኳር በሽታ ካለባቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። የታዘዘላቸውን ክኒን ጠዋትና ማታ ሳያዛንፉ የሚውጡ፣ ቀጠሮ የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ታዲያ መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ሳያቸው ፊታቸው ሟሟ። ወሬ ጀምረን ሳንጨርስ ሁለት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። ውኃ በጆግ ይዘው ነው የሚቀመጡት። «እትዬ፣ ክኒንዎን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። ጠጋ ብለው፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ከተውኩት ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በሻዩ ተገላግያለሁ» አሉኝ።

«የምን ሻይ?»

«ኧረ ሲስተር! አንቺ የመሰከርሽለት ሻይ ነዋ!»

እጄ ቀዘቀዘ። በመለኪያዬ ስለካቸው ስኳራቸው 386 ሆነ። ላልሰማችሁ፣ ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት የሚለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ የስኳር በሽታ ይባላል። የእሳቸው ምን ያህል እንደወጣ ከዚህ ገምቱ። ታክሲ ጠርቼ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ እዚያም ሪፈር ጻፉላቸው። ሁለት ቀን ተኝተው በእግዚአብሔር ቸርነት ወጡ። ሐኪሙ «ጥቂት ቀን ብትቆዩ ኖሮ ራሷን ስታ ታመጧት ነበር» ሲል እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሰማው።

ቤት ስመለስ የልጅ ልጄን ቻናል ክፈቺልኝ አልኳት። አምጥታ አሳየችኝ። የአንድ የቅጠል ሻይ እሽግ ፎቶ፣ ሥሩ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል፣ ክኒን የሚያስጥል» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «አያቴ ሲስተር ናት፣ 38 ዓመት በሕክምና ሠርታለች፣ እሷም ጠጥታ ወዳዋለች።» ከታች ዋጋው 800 ብር፣ ከጎኑ የእሷ ኮድ።

ሐሰት ነው ብዬ እንዳልጮህ ከፊሉ እውነት ነው። ሲስተር ነኝ። 38 ዓመት ሠርቻለሁ። ሻዩንም ጠጥቻለሁ! አንድ ማታ አፍልታ ስትሰጠኝ «መዓዛው ደስ ይላል» ብያታለሁ። ስኳር የለብኝም፤ ስለ ስኳርም ያልኩት ነገር የለም። ግን እሽጉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የመድኃኒት እሽግ ሳላነብ ያልሰጠሁ ሰው፣ የልጅ ልጄ ያመጣችውን አንስቼ አላነበብኩትም። ኋላ ሳነበው በውስጡ ምን ቅጠል እንዳለ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ የት እንደተመዘገበ አንድም አልተጻፈበትም። ማሳፈሩን ያልኳችሁ ይኼን ነው።

«ከአንዱ እሽግ ስንት ታገኛለሽ?» አልኳት።

«በመቶ 15። 120 ብር» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ጽሑፉንስ ማን ጻፈው?»

«ነጋዴው ነው የላከልኝ፣ ሁሉም አስተዋዋቂ ያንኑ ነው የሚለጥፈው። ያንቺን ብቻ እኔ ጨመርኩበት። ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ነው እማማ።» አለቀሰች። እኔም አብሬ ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ካለቀስኩ የምነግራት ይጠፋብኛል ብዬ ቻልኩት።

የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን የያዝኩት በ1975 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የዱቄት ወተት ኩባንያዎች በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንደ ነርስ ነጭ የለበሱ ሴቶችን ወደ ወሊድ ክፍሎችና ወደ እናቶች ቤት ይልኩ ነበር። ከእነሱ መካከል ኮሚሽን የሚታሰብላቸው ነበሩ። እናቲቱ ነጩን ልብስ አይታ ታምናለች፣ ወተቱን ትገዛለች። ጡቷ ይደርቃል። ዱቄቱ ሲወደድባት ታቀጥነዋለች፤ ውኃው ንጹሕ አይደለም፤ ሕፃኑ በተቅማጥና በምግብ እጥረት ይጎዳል። ብዙ ሕፃናት በዚህ ሳቢያ ሞተዋል።

ነገሩ ዓለምን አስቆጥቶ በግንቦት 1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትክ ምርቶች የሚሸጡበትን ደንብ አጸደቀ። ደንቡ ለሕዝብ ማስታወቂያ አይሠራ ይላል፤ የኩባንያ ሻጮች ከነፍሰ ጡሮችና ከእናቶች ጋር በቀጥታ አይገናኙ ይላል። ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን አንድ አንቀጽ ነው፦ የሻጮች ጉርሻ ሲሰላ የእነዚህ ምርቶች ሽያጭ መጠን አይታሰብ ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሰውን ልብ አውቀውታል። ምላሴ በሸጥኩት ልክ የሚከፈለው ከሆነ፣ ደግ ሰው ብሆን እንኳ፣ ሳላውቀው ያጋንናል።

«አየሽ» አልኳት፣ «ነጭ ልብሴን አውልቄ ከሰቀልኩት አራት ዓመት ሆነኝ። አንቺ አውርደሽ ለ120 ብር ለበስሽው።»

በማግስቱ ቁጭ ብለን ነገሩን ማስተካከል ጀመርን። መጀመሪያ ጽሑፉ ወረደ። በምትኩ በራሷ ቃል እንዲህ ጻፈች፦ «ስለ ሻዩ የጻፍኩት ስሕተት ነው። አያቴ ለስኳር ይሆናል አላለችም። እያንዳንዱ ሽያጭ ለእኔ ኮሚሽን ነበረው፣ አልነገርኳችሁም። ክኒናችሁን እንዳታቋርጡ፤ ያቋረጣችሁ ዛሬውኑ ተመርመሩ።» ከዚያ በኮዷ ለገዙት 11 ሰዎች አንድ በአንድ ደወለች። ሁለቱ ሰደቧት። አንዷ የግፊት ክኒኗን ትታ ነበርና ወደ ሐኪም እንድትመለስ ተማጸነቻት። ግፊት ደግሞ ከስኳር የባሰ ዝምተኛ ነው፤ ሳያሳምም ይወጣና አንድ ቀን አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ለእትዬ 800 ብራቸውን ከራሷ ኪስ መለሰች። ነጋዴው ይህን ሲያይ ኮዷን ዘጋው፣ ቀሪ ሒሳቧንም አልከፈላትም። በጽሑፍ የተዋዋሉት ነገር ስላልነበረ የምትጠይቀው ማስረጃ አልነበራትም።

እንግዲህ እኛ ወላጆችና አያቶች ምን እናድርግ? ሥራውን ተዪው አላልኳትም። ድለላ በራሱ ነውር አይደለም፤ ቤት ደላላ ቤት ያገናኛል፣ የእህል ደላላ ገበሬና ነጋዴ ያገናኛል። ነገር ግን ደላላው ደላላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ደላላው ወዳጅ መስሎ ሲመጣ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስለ አንድ ዕቃ የሚመሰክር ሰው ከሻጩ ጥቅም ካገኘ ለገዢው በግልጽ እንዲናገር ያዛል። አማዞንም አስተዋዋቂዎቹ ኮሚሽን እንደሚያገኙ በገጻቸው ላይ እንዲጽፉ ያስገድዳል። የእኛም አገር የማስታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 759/2004፣ ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል። «ከዚህ ሽያጭ ኮሚሽን አገኛለሁ» ማለት አንድ መስመር ነው። የሚገዛ ሰው በዚህ ምክንያት አይቀርም፤ ቢቀርም መብቱ ነው።

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ከጀመሩ እነዚህን ጠይቋቸው።

ለመግባት ገንዘብ ከፍለዋል ወይ? የሚከፈላቸውስ ዕቃ ሲሸጡ ነው ወይስ ሌላ ሰው ሲያስገቡ? መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ሰው እያመጣህ ብርህን መልስ የሚባለው ፒራሚድ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጃችን፣ ቁጥር 813/2006፣ ይከለክለዋል። ከላይ ያሉት ይበላሉ፣ መጨረሻ የገባው ከነዘመዶቹ ይከስራል።

ዕቃውን በእጃቸው ይዘው፣ ተጠቅመው ያውቁታል ወይ? ሻጩ ማን ነው፣ አድራሻው የት ነው፣ ዕቃው ቢበላሽ ይመልሳል ወይ? ስንት በመቶ እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍልና ዕቃ ሲመለስ ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆን የተጻፈ ነገር አለ ወይ?

የማንን ስምና ፎቶ ነው የሚጠቀሙት? አስፈቅደዋል? በተለይ «አያቴ ሐኪም ናት»፣ «አጎቴ ቄስ ነው»፣ «እናቴ መምህር ናት» እያሉ የሚለጥፉትን እዩላቸው። የእናንተ የዕድሜ ልክ እምነት ነው እዚያ ላይ የሚሸጠው።

ከሁሉ በላይ፣ ይፈውሳል የተባለ ነገር ሁሉ ከዚህ ሥራ ይውጣ። ቅጠል ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ጤና አዳምና ዳማከሴ በደጄ አለ። ነገር ግን መድኃኒት ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የተመዘገበም ቢሆን ማን ይውሰደው፣ ስንት ይውሰድ የሚለው የሐኪም ነው። የሕፃን ዱቄት ወተትም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ የወተት ኩባንያዎች ዛሬም በማኅበራዊ ሚዲያ፣ ታዋቂ ሰዎችን እየከፈሉ ጭምር፣ እናቶችን እንደሚያሳድዱ ገልጿል። ነጭ ልብሱ ወደ ስልክ ገባ ማለት ነው።

ነጋዴ የሆናችሁ አንባቢዎቼም አላችሁ። በኮድ የምታሸጡ ከሆነ፣ አስተዋዋቂው ስለ ዕቃችሁ የሚናገረው ሁሉ እናንተ እንደተናገራችሁት ይቆጠር። ምን ማለት እንደሚቻልና እንደማይቻል ጽፋችሁ ስጡ። የሠራውን ክፈሉ። እናንተም ብትሆኑ መጠንቀቅ አለባችሁ፤ በአሜሪካ ኢቤይን በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ኮሚሽን ያስከፈሉት ሁለት አስተዋዋቂዎች፣ ገዢውን ሳይልኩ ኩኪውን በሰው ኮምፒውተር ላይ በድብቅ ይተክሉ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለቱም እስራት ተፈረደባቸው።

ለእናንተ ለእኩዮቼ ደግሞ አንድ ነገር። ስኳር ያለበት ሰው ክኒኑን ወይም መርፌውን አቋርጦ ውኃ ጥም ሲበዛበት፣ ሽንት ሲያመላልሰው፣ ዓይኑ ሲደበዝዝ፣ ሰውነቱ ሲሟሟ ካያችሁ ቶሎ አስለኩት። ማስመለስ፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ፣ መደንዘዝ ከተጨመረ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የተገዛውን ነገር እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማየት አለበት። እባካችሁ፣ በሽተኛውንም አትቆጡ። እትዬ የተሳሳቱት ሰው በማመናቸው ነው። ያመኑት ደግሞ እኔን ነው።

እትዬ አሁን ደህና ናቸው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የልጅ ልጄ አዲስ ሥራ እንደጀመረች ነገረችን። በሰፈራችን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ ሴት ናት ኮድ የሰጠቻት። በርበሬው ሲደለዝ ሄዳ አይታለች፣ በቤታችንም ወጥ ተሠርቶበታል፤ ኮሚሽኑም በወረቀት ተጽፏል። በቻናሏ የመጀመሪያው መስመር «በዚህ ኮድ ከገዛችሁ እኔ ኮሚሽን አገኛለሁ» ይላል። ስለ አያቷ ምንም አይልም።

እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋትና፣ «እንግዲህ አንድ ኪሎ ጻፊልኝ» አሏት። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ ሲስተር፣ በርበሬው ለስኳር ይሆናል?» አሉኝ።

«ለወጥ ይሆናል እትዬ። ለስኳርዎ ክኒኑን ይዋጡ» አልኳቸው። ግቢው በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አቀርቅራ ትእዛዙን ጻፈች።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ።